እርስዎ የሚለኝ ወንድሜ

ሚዛን ጠጋኝ ነኝ። ወፍጮ ቤት፣ እህል ገበያ፣ የሲሚንቶ መጋዘን፣ ሚዛን ያለበት ቦታ ሁሉ እሄዳለሁ፤ የሚዋሸውን ሚዛን ልክ አስገባለሁ። ለዚህ ሥራ እያንዳንዳቸው ሃያ ኪሎ የሚመዝኑ ሃያ የሚዛን ድንጋዮች አሉኝ። ድንጋይ ይባላሉ እንጂ ብረት ናቸው። በሰው መኪና ላይ ስጭንና ሳወርድ ወገቤ ጉድ ሆኗል። የማድረው ደግሞ መንገድ ዳር በሚከራዩ ክፍሎች ነው፤ ትኋኖቹ በመልክ ያውቁኛል። ስለዚህ ዘንድሮ ቆረጥኩ፤ ድንጋዮቼን የሚሸከም፣ እኔን የሚያስተኛ፣ ጭቃ ሲያይ የማይለግም ፎርዊል ቫን እገዛለሁ። የአዲሱ ነገር የሚታሰብ ስላልሆነ ያገለገለ ነው የምፈልገው።

ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ሰው እንደ ተበላሸ ሚዛን ነው፤ ምንም ብታስቀምጥበት ወደ ራሱ ያዘነብላል። ስለዚህ የሚታመን መካኒክ ያስፈልጋል። እኔ የማምነው መካኒክ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ። ተኳርፈናል እንዳልል ያነጋግረኛል። ችግሩ ስድስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» እያለ ነው የሚያነጋግረኝ።

የምበልጠው በሁለት ዓመት ነው። አንድ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ እየተጓተትን ነው ያደግነው። አንተ ጉረኛ፣ አንተ ቀርፋፋ፣ ስንባባል ጎረምሳ ሆነን፣ ስንባባል ሸበትን። እናታችን ታማ አራት ወር እሱ ቤት ስትተኛ እኔ በሥራ ላይ ነበርኩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ብርቱካን ይዤ ሄጄ አንድ ሰዓት ተቀምጬ ተመለስኩ። ከተቀበረች በአራተኛው ቀን ነው የደረስኩት። ኔትወርክ የሌለበት አገር ነበርኩ አልኩ። በሩን ስቆረቁር ወንድሜ ከፈተና «ይግቡ» አለኝ። ከኋላዬ ትልቅ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም አልነበረም።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በጥፊ ቢለኝም እችለው ነበር። «እርስዎ» ግን መልስ የለውም፤ አከበርከኝ ብለህ ከሰው ጋር አትጣላም።

እውነቱን ልናገርና፣ ቫን ያስፈልገኛል፤ ነገር ግን ወደ ጋራዡ የሄድኩት ለቫን ብቻ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ አብሬው ከዋልኩ ምናልባት ያመልጠውና አንዴ «አንተ» ይለኛል ብዬ ነው። ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም። እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚህ ምድር ላይ እኔን «አንተ» የሚል ሰው ቢኖር የትራፊክ ፖሊስ ብቻ ነው።

ጋራዡ ስደርስ ከአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ሥር ጫማው ብቻ ይታያል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ካቻቢቴውን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ሰማሁ። ተንፏቆ ወጣና ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። «ደህና ዋሉ? ምን ልታዘዝ?»

«ያገለገለ ቫን ልገዛ ነው። እንድታይልኝ ነው።»

«ለስንት ሰው ነው?»

«ለእኔ ብቻ።»

«ጭነትስ?»

«ድንጋዮቹ ናቸው፤ አራት መቶ ኪሎ። ከኋላ ፍራሽ አንጥፌ ማደርም እፈልጋለሁ።»

እጁ ላይ ያለውን ቅባት እያየ ትንሽ አሰበ። «ቅዳሜ ጠዋት ይምጡ። ድንጋዮቹን በእኔ ፒክአፕ እንጭናቸዋለን። ባዶውን ሲሆን ሁሉም መኪና ደህና ይመስላል።»

ቅዳሜ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ስለ አየሩ አወራኝ፤ ልክ ከማያውቀው ተሳፋሪ ጋር እንደሚያወራ ሾፌር። መኪና መሸጫው ግቢ ውስጥ የተቀበለን ደላላ ቅጽል ስሙ «እመኑኝ» ነው። ለምን እንደተባለ ለማወቅ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ለእኔ የሚሆኑ ሁለት ቫኖች ነበሩት። አንዷ ነጭ ናት፤ ተወልውላ ታበራለች። ሌላዋ አመድማ ናት፤ አንዱ በሯ ተጨፍልቆ በመዶሻ የተመለሰ ነው።

«እመኑኝ ጋሼ፣ ነጯን የያዛት አንድ ዶክተር ነው። ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት!»

«ከሆስፒታል ቤት ለመመላለስ ፎርዊል ምን ያደርግለታል?» አልኩት።

«እመኑኝ፣ ጥንቁቅ ሰው ስለሆነ ነው!»

ነጯ ውስጥ ስገባ ግን ክርክሩን ረሳሁት። ከታች ምንጣፍ፣ በመስኮቶቿ ትንንሽ መጋረጃዎች፣ ከግድግዳው የሚዘረጋ አልጋ፣ የብርጭቆ ማስቀመጫ ሳይቀር አላት። ጫማዬን አውልቄ ጋደም አልኩ። እግሬ ተዘርግቶ ቦታ ተረፈ። ልቤ ወዲያው ሄደ፤ ወፍጮ ቤት በር ላይ አቁሜያት፣ መጋረጃዬን ጋርጄ፣ ሬዲዮ ስሰማ ታየኝ። ብቻዬን ነበርኩ፤ በሐሳቤም ቢሆን ሌላ ሰው ላስገባባት አልቻልኩም።

ወንድሜ ውጭ በጨርቅ የጠቀለለውን ማግኔት በሰውነቷ ላይ እያንሸራተተ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ማግኔቱ ወደቀ። ትንሽ ራቅ አድርጎ ሞከረ፤ ደግሞ ወደቀ።

«እዚህ ጋ ብረት የለም፤ በስቱኮ ተለስኖ ነው የተቀባው» አለኝ። «ይዩት።»

እመኑኝ ሰማይ ሰማዩን ካየ በኋላ ወደ እኔ ተጠጋ። «ታናሽዎ ነው አይደል? ወይ ጨዋነት! ታላቁን እንዲህ የሚያከብር ወንድም በዚህ ዘመን ከየት ይመጣል? የእኔዎቹ ቢሆኑ ‹አንተ ቀጣፊ› ነው የሚሉኝ።»

«ታድለሃል» አልኩት። ከልቤ ነው።

ድንጋዮቹን ነጯ ላይ መጫን ጀመርን። አሥራ ሁለተኛው ላይ አስቆምኩት፤ በሥራዬ ዓይኔ ዘንበል ያለ ነገር አያመልጠውም። ጎማና ሽፋኑ መሃል በእጄ ለካሁ። «በግራ በኩል አራት ጣት ወርዳለች።» ወንድሜ ከሥር ገባ፤ ባትሪ አበራ። «ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ሁለት ቦታ ተሰብሮ በብየዳ ነው የተያያዘው» የሚለው ድምፁ ከሥር መጣ። «ጭቃ ላይ ጥላዎት ትቀራለች። ብቻዎን ደግሞ ነዎት።» መጋረጃዎቹን ለመጨረሻ ጊዜ አየኋቸውና አወረድን።

አመድማዋ ከውስጥ ራቁቷን ናት። ጣሪያዋ ዝቅ ስለሚል ሱሪ መቀየር የምችለው ተቀምጬ ነው። ወንድሜ ፒክአፑ ላይ ሆኖ ድንጋዮቹን ያቀብለኛል፤ እኔ እየተቀበልኩ እደረድራለሁ። ልጆች ሆነን ከጓሮ ማገዶ ወደ ቤት የምናስገባው እንዲሁ ነበር። እጃችን አልረሳውም። መስጠት፣ መቀበል፣ መስጠት፣ መቀበል፤ እየፈጠንን ሄድን፤ ሁለታችንም አለከለክን፤ አንዴም ፈገግ ያለ መሰለኝ። አሥራ አምስተኛው ላይ «ያዝ—» አለኝ።

ድንጋዩን እግሬ ላይ ልለቀው ምንም አልቀረኝም። ወንድሜ ዓይኑን ሰበረ።

«ይያዙ» ብሎ አስተካከለው።

ሃያውም ገቡ፤ አመድማዋ አንድ ጣት እንኳ አላዘነበለችም። ከግቢው ጀርባ ያለውን የኮረት ዳገት ይዘናት ወጣን። መሃል ላይ ሆን ብሎ አቆማት፤ ትንሿን ማርሽ ወደ ፎርዊል አስገባና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ለቀቀው። አንዴም ሳትንሸራተት ኮረቱን እየቆነጠጠች ወጣች። ከላይ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋና ወደ ኋላ ዞሮ ተመለከተ።

«ይህችን ይግዙ» አለኝ። «ፍራሹን በቀኝ በኩል ያድርጉት። የተጨፈለቀው በር ንፋስ ያስገባል፤ እርስዎ ደግሞ እንቅልፍ ሲወስድዎ ብርድ ልብስ ይጥላሉ።»

ወንድሜ አልረሳውም። ይህን የሚያውቅ ሰው ከእሱ ሌላ በሕይወት የለም።

«ስማ» አልኩት። «ስድስት ዓመት ቀጣኸኝ። ይበቃል። እባክህ አንዴ አንተ በለኝ።»

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«አንተ ብዬህ ነበር» አለ። «እማዬ እየጠራችህ ነው፣ አንተ፣ ኧረ ድረስ ልልህ ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩልህ። ስልክህ ይጠራ ነበር።»

ይጠራ ነበር። ኔትወርክ የለም ያልኩትን ውሸት ስድስት ዓመት ሙሉ ያውቀው ኖሯል። ስልኩ ሲጠራ አየው ነበር፤ ወንበር ላይ አስቀምጬው ሲንቀጠቀጥ አየው ነበር። ካነሳሁት ሞተች ይለኛል፤ ካላነሳሁት ግን በሕይወት ያለች ይመስለኛል። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። የጠበቅኩት «አንተ» ይኸው መጣ፤ የመጣው ግን ለእኔ አይደለም፤ ያኔ ስልኩን ላላነሳው ሰውዬ ነው።

«ፈርቼ ነው» አልኩት። «ይቅርታ።»

እጁን ንጹሕ በሆነ ጨርቅ ደጋግሞ ጠረገ። «ዘይቷን በየሳምንቱ ይዩ» አለኝ። ከዚያ ወደ ግቢው መልሷት፣ በሩን ከፍቶ ሊወርድ ሲል ቆም አለ። «ችግር ካለ ይደውሉ። እኔ ደንበኛ ሲደውል አነሳለሁ።»

አመድማዋን ገዛኋት። ወንድሜ ፒክአፑን አስነስቶ ቀድሞኝ ሄደ፤ ሥራ አለበት። እኔም ድንጋዮቼን እንደጫንኩ ለሰኞ ወደሚጠብቀኝ ወፍጮ ቤት መንገድ ጀመርኩ። አንድ ሰዓት ያህል ነዳሁ። ማርሿ ቅቤ ነው፤ ፍሬኗ ሲነኩት ይይዛል፤ አንድ ነገር እንኳ አይንኳኳም። እንዲህ ያለ ጤነኛ መኪና ነድቼ አላውቅም። ከከተማ ወጥቼ ዛፍ ጥላ ሥር አቆምኳት፤ ሞተሩን አጠፋሁና ደወልኩ።

ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳው። «አቤት፤ ምን ሆነብዎ?»

ምን ልበለው? መኪናዋ ምንም አልሆነችም።

«ፍሪሲዮኑ ድምፅ ያሰማል መሰለኝ።»

ፍሪሲዮኑን ዳገት ላይ በገዛ እግሩ ፈትሾታል። የጠፋው ሞተሬም ዝም ማለቱ በስልኩ ሳይሰማው አይቀርም።

«ሲረግጡት ነው ሲለቁት?»

«ስለቀው።»

ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ተሰማኝ። ከዚያም ስለ ፍሪሲዮን ከሀ እስከ ፐ ያስረዳኝ ጀመር፤ ሸራው ሲያልቅ ምን እንደሚል፣ ኩሽኔታው ሲደርቅ ምን እንደሚል፣ የትኛው ድምፅ እንደሚያሰጋና የትኛው ችላ ቢባል ችግር እንደሌለው። ሳይቸኩል ነበር የሚናገረው። በዚያች ራቁቷን በሆነች ቫን ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ፣ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጠኝ ሰማሁት።

«አሁንስ ይሰማዎታል?» አለኝ።

«ይሰማኛል» አልኩት። «ቀጥል።»