አውራ ጣቴ

ባሌን አየነውን ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ሰሊጥ ማሳ ውስጥ እባብ ነደፈው። ከመተማ አብረውን ለአጨዳ የመጡ ሰዎች በትራክተር ጭነው ጤና ጣቢያ አደረሱት። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ «ሐበሻ ነው፤ ወረቀት አለው?» አለች። ወረቀቱ ሲፈለግ እዚያው በሩ ላይ ሞተ። የመጨረሻ ቃሉ «ውዴ፣ ሄለንን ነርስ አድርጊያት» የሚል ነበር። ሄለን ያኔ ጡት አልጣለችም።

ከዚያ ወዲህ ዐሥራ ስድስት ዓመት የሰው ልብስ አጠብኩ። አብዛኛውን ጊዜ ሱዳናዊቷ እመቤት ሲት ዳሊያ ቤት ነው። ሲት ዳሊያ ክፉ ሰው አይደለችም፤ የምጠጣበትን ኩባያ ግን ለብቻው ታስቀምጣለች።

ዘንድሮ ሄለን የነርስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አለፈች። ለምዝገባው ወላጅ መፈረም አለበት።

«አሳዳጊዋ ነኝ ብዬ እኔ ልፈርምላት» አለች ሲት ዳሊያ። «አንቺን ሲያዩ ያመላልሱሻል።»

«እናቷ እያለሁ ሌላ ሰው አይፈርምም» አልኳት። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መምህር ክንፈ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ፊደል ያስተምረናል። ስሜን መጻፍ የተማርኩት ለዚያች ቀን ብዬ ነበር።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ሲት ዳሊያ በመኪናዋ አድርሳን ውጭ ቀረች። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ፊት ቀርቤ ቀስ ብዬ በፊደላችን ስሜን ጻፍኩ። ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሳው።

«ይህን ዶሮ ነው የጫረው?»

«ስሜ ነው፣ ኡስታዝ።»

«ያ ጀማዓ፣ ኑ እዩ! ሻይ ሻጯ ሐበሺያ መጻፍ ጀመረች!»

«ልብስ አጣቢ ነኝ» አልኩ። የቢሮው ሰዎች ሳቁ።

የመኖሪያ ፈቃዴን ገለበጠ። «እዚህ ላይ ያለው በስማ ነው፤ የጣት አሻራ። ባለ ካርዷ መጻፍ አትችልም። አንቺ ትጽፊያለሽ። ታዲያ አንቺ ማነሽ?»

«ያኔ አልችልም ነበር። አሁን ተማርኩ።»

«እንግዲያው ጣትሽን አምጪ።»

አውራ ጣቴን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጫንኩ። ጥቁር ክብ ብቻ ወጣ። አንድ መስመር እንኳ የለውም። ደገምኩ፤ ያው ነው። ሳሙናና በረኪና በልቶታል።

«ፊርማሽ የሌላ ሰው፣ ጣትሽ የማንም አይደለም» አለ ጸሐፊው።

ሄለን «ወላሂ እናቴ ናት!» ብላ ጮኸች።

«የሰው ካርድ ይዛ የመጣች ሴት እናትሽ ከሆነች ለፖሊስ እደውላለሁ፤ ለሁለታችሁም። ካልሆነች ግን የሙት ልጅ ነሽ። ለሙት ልጅ ዜጋ አሳዳጊ ይፈርምላታል።» ሰዓቱን አየ። «ልንዘጋ ነው። ንገሪኛ፤ እናትሽ ናት?»

እናቷ እንደሆንኩ ያውቃል። ፊታችን አንድ ነው።

«አይደለችም በይው» አልኳት በአማርኛ።

«እማ፣ አልልም።»

«አባትሽ በር ላይ ነው የሞተው! በይው!»

«ላ» አለች ሄለን።

«አልሰማሁም።»

«ላ። እናቴ አይደለችም።»

«ታዲያ ማን ናት?»

ሄለን መሬት መሬት አየች። «የሲት ዳሊያ ልብስ አጣቢ።»

ሲት ዳሊያ ተጠርታ ገባችና ፈረመች። ዐይኔን አላየችም። ጸሐፊው በእናት ስም ቦታ አንዲት ቃል ጻፈ። ዐረብኛ ስለማላነብ ወጥተን ስንሄድ ሄለንን ምን እንደሚል ጠየቅኳት።

«ሟች» አለችኝ።

አሁን የምትኖረው እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ነጭ ልብሷን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ እስከ በሩ አደርሳለሁ።

«ማን መጣች ልበላት?» ይለኛል ዘበኛው።

«አጣቢዋ» እለዋለሁ።