የሰርቪስ ተራ

የአለምወርቅ የመጣችው የተጫዋቾቹን ቦርሳ ልትጠብቅ ነበር። ጆበርግ፣ ዱርንፎንቴን ገበያ ብርድ ልብስ ስትሸጥ ሳምንቱን ሙሉ የቆመችበትን እግሯን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤሪያ ሜዳ ዳር አሳርፋ፣ የሰፈሯ ልጆች ከዛንድስፕሩት ሰፈር ሴቶች ጋር መረብ ኳስ ሲጫወቱ ታያለች። ሁለቱ ቡድኖች አንድ አንድ ዙር አሸንፈው፣ በመጨረሻው ዙር የእሷ ልጆች ዘጠኝ ለአሥር እየተመሩ ሳለ ከእነሱ አንዷ፣ ፀሎት፣ ዘላ ስትወርድ ቁርጭምጭሚቷ ታጠፈ። ደግፈው አወጧት።

"ስድስት ካልሞላችሁ ጨዋታው ለእነሱ ይሰጣል" አለ ዳኛው ፊሊጶስ። "ሰው አላችሁ?"

አምበሏ ፌቨን እዚሁ ጆበርግ ያደገች የሃያ ዓመት ተማሪ ናት። ዙሪያዋን ቃኘችና ዓይኗ የአለምወርቅ ላይ አረፈ።

"እትዬ የአለም፣ ፕሊስ።"

"እኔ? መረብ ኳስ ተጫውቼ አላውቅም እኮ።"

"ቀላል ነው፣ አሁኑኑ ላስረዳሽ።"

እጇን ይዛ እየጎተተች ነገረቻት። ወደ እኛ የመጣ ኳስ መሬት ሳይነካ ቢበዛ በሦስት ንክኪ መመለስ አለበት። አንድ ሰው ሁለቴ አከታትሎ አይነካም። መያዝ የለም፣ መምታት ብቻ ነው። መረቡን እንዳትነኪ። መስመር ላይ ያረፈ ኳስ እንደገባ ይቆጠራል።

"ሲመጣብሽ እጆችሽን አጋጥመሽ በክንድሽ ወደ ላይ አንሺው። የቀረውን ለእኛ ተይው።"

"እሱስ ይሁን። ሰርቪሱን፣ የመክፈቻውን ምት ግን ሌላ ሰው ይምታልኝ።"

"አይቻልም እትዬ። እነሱ ሰርቪስ መትተው ነጥቡን እኛ በወሰድን ቁጥር ሁላችንም በሰዓት አቅጣጫ አንድ ቦታ እንዞራለን። ከኋላ በስተቀኝ የደረሰችው ትመታለች። አንቺ አሁን ከፊት በስተግራ ነሽ። ሦስቴ ከዞርን ይደርስሻል።"

ጨዋታው ሲቀጥል ሌሎቹ ነጥብ ይቆጥራሉ፣ የአለምወርቅ የቦታ ዙረቱን ትቆጥራለች። የመጀመሪያው ዙረት ወደ መሃል አመጣት። ሁለተኛው ወደ ቀኝ ጥግ ገፋት። የሷ ወገን ነጥብ ሲያጣ በልቧ "ተመስገን" ትልና ወዲያው በራሷ ታፍራለች። አሥራ ሁለት ለአሥራ ሦስት ላይ ረጅሟ ኤልሳቤት ዘላ ከላይ መታችና እኩል ሆኑ። ዞሩ። ኳሱን ለየአለምወርቅ ወረወሩላት።

"መስመሩን ሳትረግጪ" አለች ፌቨን። "ከፊሽካው በኋላ ስምንት ሰከንድ አለሽ። ከታች፣ በቡጢ።"

ፊሽካው ተነፋ። የአለምወርቅ ኳሱን ለቀቅ አድርጋ በቡጢ አለችው። ኳሱ ተጣሞ ሄዶ የመረቡን ጫፍ መታ፤ እዚያው የቀረ መሰለ፤ ከዚያ ወዲያ ማዶ ጠብ አለ። የዛንድስፕሩት ልጆች ቆመው አዩት። ፊሊጶስ ነጥቡን ለእነ ፌቨን ሰጠ፤ አሥራ አራት ለአሥራ ሦስት።

ሶፎንያስ፣ የዛንድስፕሩት አሠልጣኝ፣ ሜዳው ውስጥ ገባ። "መረብ ነክቷል። መረብ የነካ ሰርቪስ ተበላሽቷል። እኔ ይህን ጨዋታ ሐዋሳ አንተ ሳትወለድ ነው የተጫወትኩት።"

"ጋሼ፣ ያ የድሮው ሕግ ነው። አሁን ሰርቪስ መረብ ነክቶ ካለፈ ጨዋታው ይቀጥላል።"

"ማን ለወጠው?"

ዳር የተቀመጡት ተነሱ። አንዱ "ሌባ ዳኛ" አለ፣ ሌላው ክንዱን ያዘው። የአለምወርቅ "በቃ ለእነሱ ስጧቸው" ልትል አፏን ከፈተች። ፌቨን አየቻትና ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

"ይውጡልኝ ጋሼ" አለ ፊሊጶስ ድምፁን ሳያነሳ። "ካልወጡ ቡድንዎን ነው የምቀጣው።"

ሶፎንያስ ልጆቹን አያቸው። እያጉረመረመ ወጣ።

ፊሽካው እንደገና ተነፋ። ይህኛው ሰርቪስ ከፍ ብሎ አለፈ። እነሱ ተቀብለው አመቻቹና በኃይል መለሱት፤ የመጣው ቀጥታ ወደ እሷ ነው። ለመሸሽ ጊዜ አላገኘችም። እጆቿን አጋጠመች፣ ክንዷ እንደተለበለበ ተቃጠለ፣ ኳሱም ወደ ላይ ተነሳ። ፌቨን በጣቶቿ መረቡ አጠገብ ወደ ላይ አነሳችው። ኤልሳቤት ዘለለች፤ ከማዶ ሁለት የዛንድስፕሩት ልጆች አብረዋት ዘለው እጃቸውን ሲዘረጉ እሷ በጣቷ ጫፍ ከኋላቸው ጣል አደረገችው።

ጩኸት ሆነ። የአለምወርቅ ግን ሮጣ ኳሱን አነሳችና ከመስመሩ ኋላ ሄዳ ፊሽካውን ጠበቀች።

"እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ተራዬ አይደል?"

"አልቋል እኮ። በዚህ ዙር በሁለት በልጦ አሥራ አምስት የደረሰ አሸነፈ።"

"ይህን አልነገርሽኝም" አለች የአለምወርቅ። ኳሱን እንዳቀፈች የሜዳው ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠች።