የበረዶው ሚስት

ሰውየውን ሁሉም የሚያውቀው «በረዶው» በሚል ስም ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የመኪና ኤሲ ሲጠግን ኖሯል፤ መኪናው ውስጥ ተቀቅሎ የመጣ ሾፌር ሁሉ «በቃ፣ በረዶው ጋ ሂድ» ይባላል። ጋራዡ ጠባብ ናት፤ ሁለት መኪና ከገባባት የሦስተኛው አፍንጫ ደጅ ይቀራል። ስሙ ግን ሰፊ ነበር፤ እሱም ስሙን ይወደው ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት ዘይት አንሸራትቶት ወደቀና የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። እጁ ጄሶ ውስጥ ሲገባ እሷ «እስክትድን እጅ እሆንሃለሁ» ብላ የስፌት መኪናዋን ሸፍና መጣች። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዛል፣ እሷ ትፈታለች፣ ታስራለች። ጄሶው በሁለት ወር ወለቀ፤ እሷ ግን ወደ ስፌቷ አልተመለሰችም። መርፌ የለመደ እጇ የሱ ወፍራም ጣት የማይደርስበት ጥግ ሁሉ ይገባል። ትዕግሥቷ ደግሞ ለጉድ ነው። እሱ ጋዝ የሚያመልጥበትን ቦታ በሳሙና አረፋ ፈልጎ ሲያጣ ይሰለቸዋል፤ እሷ ጋዝ ሲሸተው የሚጮኽ መሣሪያ ገዝታ፣ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ልብስ ጠርዝ ስንዝር በስንዝር ትከተለዋለች። ታገኘዋለችም።

መጀመሪያ ኮራባት። «ተማሪዬ ናት» እያለ ለሰው ያስተዋውቃት ነበር። ቀስ በቀስ ግን ስልክ የሚደውሉለት ደንበኞች ሰላምታውን ቶሎ ጨርሰው «ባለቤትህ አለች?» ይሉት ጀመር። አንድ ቀን መለዋወጫ ሱቅ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ሻጩ በአገጩ እየጠቆመ ለጓደኛው «ይሄ እኮ የሷ ባል ነው» ሲል ሰማ። ምንም እንዳልሰማ ሰው ዕቃውን ተቀብሎ ወጣ፤ ነገሩ ግን ሆዱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ እሷን ያመሰገነ ሰው ሁሉ ከሱ ላይ ቆርሶ የሰጣት ይመስለው ጀመር። ከሾፌር ጋር ስትስቅ ጆሮው ይቆማል። መሣሪያዋ ጮኾ «አገኘሁት!» ስትል፣ አፉ «ጎበዝ» ይላል፣ ፊቱን ግን ያዞራል።

በዚህ መሀል የኩላሊት ሕመምተኞችን ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ሚኒባስ መጣ። ሾፌሩ ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው።

«ጌታው፣ በወር ውስጥ ሦስተኛዬ ነው» አለ ላቡን እየጠረገ። «ጋዝ ትሞላልኛለህ፣ ሳምንት ሳይቆይ ሙቅ አየር ይተፋል። አትቀየመኝና፣ እስቲ ዛሬ እመቤቲቱ ትየው።»

«የኮምፕሬሰሩን ማሸጊያ ጎሚኒ ቀይሬልህ የለም እንዴ?» አለ በረዶው፤ ፊቱ ጠቆረ።

ሚስቱ መሣሪያዋን ይዛ ግማሽ ቀን ዞረችው። «ውጭው ንጹሕ ነው» አለች በመጨረሻ። «ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለው ማቀዝቀዣ ይመስለኛል።»

«ዳሽቦርድ እንዲህ በግምት አይፈታም» አላት።

«እንግዲያው ቀለም እንጨምርበት።»

ቀለሙ ከጋዙ ጋር እየዞረ ጋዙ በሚያመልጥበት ቦታ ላይ ይቀራል፤ በሐምራዊ መብራት ሲያዩት አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ጨመሩበትና ሾፌሩን ከሦስት ቀን በኋላ እንዲመለስ ነገሩት።

በሦስተኛው ቀን ሚኒባሱ ሲመጣ ሚስቱ እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። በረዶው መብራቱን አነሣ፣ ቀለሙን አጉልቶ የሚያሳየውን ቢጫ መነጽር አደረገ። ኮምፕሬሰሩን አየ፤ የለም። መጋጠሚያዎቹን አየ፤ የለም። ከመኪናው ሥር ገብቶ የኤሲው ውሃ ከውስጥ የሚንጠባጠብበትን ቀጭን ቱቦ ሲያበራ፣ የቱቦው አፍ ዙሪያውን አረንጓዴ ሆኖ ቦግ አለ። ቀዳዳው ውስጥ ነው። ልክ እሷ እንዳለችው።

በጀርባው ተኝቶ ያንን አረንጓዴ ሲያይ ቆየ። ሾፌሩ ውጭ ቆሞ ለሆነ ሰው በስልክ «እሷ ከመጣች አታጣውም፣ አትጨነቅ» ይላል። በረዶው በቤንዚን የተነከረ ጨርቅ ሳበና ቱቦውን ጠረገው። ደግሞ ጠረገው። ከዚያ ወጥቶ እጁን ታጠበ።

ሚስቱ ደርሳ መብራቱን ስትቀበለው «አይቼዋለሁ፣ ምንም የለም» አላት። እሷም ሁሉን አየች፤ ምንም የለም። መሣሪያዋን ወደ ውሃ ቱቦው ስታስጠጋ ግን ቀውጢ አደረገው።

«ይኸው! ውስጥ ነው አላልኩህም?»

«ቤንዚን ሸትቶት ነው» አለ ሳይታሰበው፤ ውሸቱ እንደ ለስላሳ ዘይት ነው የወጣለት። «አሁን እዚያ ጋ ቤንዚን ፈሶብኛል።»

አጎንብሳ አሸተተች። እውነትም ቤንዚን ነው። ሕመምተኞቹ እየጠበቁ ነበርና ጋዝ ሞልታ ሾፌሩን «አላገኘሁትም፣ ይቅርታ» ብላ ሸኘችው። እንዲህ ስትል ሲሰማት የመጀመሪያው ነው። በረዶው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ምሳ ላይ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «አይዞሽ፣ ሥራው እኮ ከባድ ነው» አላት። ለብዙ ጊዜ እንዲህ ደግ ሆኖላት አያውቅም።

በሳምንቱ ሾፌሩ ጨዋታውን ሁሉ የት ጥሎት እንደሆነ እንጃ፣ ደም ሥሩ ተገትሮ ገባ። በረዶውን አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ ሚስቱ ሄደ።

«ትናንት ከሕመምተኞቼ አንዷ አሮጊት እናት መኪናው ውስጥ ራሳቸውን ሳቱ! ከሕክምናው ደክመው ነው የሚወጡት፣ መንገዱ ተዘጋግቷል፣ ኤሲው እሳት ይተፋል። መልሼ ሐኪም ቤት ወስጃቸው ተኝተዋል። እኔ እኮ በአንቺ ተማምኜ ነው የወጣሁት!»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። መሣሪያዋን አጥፍታ ሳጥኑ ውስጥ አስገባችና ክዳኑን ገጠመችው። «ይሄ ነገር የኔ አይደለም። ወደ ስፌቴ ብመለስ ይሻላል።»

በረዶው ስንት ወር ሲመኘው የኖረው ቃል ነበር። አሁን ሲሰማው ግን ደስ አላለውም። የእጇን ጀርባ አየ፤ በጋለ ቱቦ የተቃጠለች ትንሽ ምልክት አለችበት።

«ጥፋቱ የሷ አይደለም» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «ቀለሙ ውሃ ቱቦው ላይ ነበር። አይቼዋለሁ። ጠረግኩት።»

ሚስቱ ቀስ ብላ ዞረች።

«ለምን?»

«ቀናሁ።»

«በማን?» አለች፤ ከሾፌሮቹ የአንዱን ስም የሚጠራ መስሏት።

«ባንቺ።»

ብትጮኽበት በወደደ። እሷ ግን ትክ ብላ አየችው፤ አንድ ልብስ ሰፍታ ከጨረሰች በኋላ ጨርቁ ብል የበላው መሆኑን ያየች ይመስል ነበር። «መሣሪያዬ ልክ ነበር» አለች በመጨረሻ። «እኔ ደግሞ አንተን አመንኩ፣ እሱን ተጠራጠርኩ።»

«ይህን ለሴትዮዋ ራስህ ትነግራቸዋለህ» አለ ሾፌሩ፣ «አሁኑኑ።»

ሄደ። አሮጊቷ የሐኪም ቤት አልጋቸው ላይ ተደግፈው ብርቱካን እየላጡ ነበር። በረዶው ቆሞ፣ መሬት መሬት እያየ፣ ሁሉንም ነገራቸው። እስኪጨርስ አላቋረጡትም።

«እንዴ ልጄ» አሉ ከዚያ፣ «በሚስትህ ቀንተህ እኔን ቀቀልከኝ?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«ማፈርህን አይቻለሁ። ይቅርታውን ስትሠራው እናያለን። ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ፤ ሂድና መኪናውን ጨርስ።»

ዳሽቦርዱን ለመፍታት ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ጎን ለጎን ተጣጥፈው ሲሠሩ ሚስቱ ያነጋገረችው በመፍቻ ቁጥር ብቻ ነው፤ «አሥር»፣ «አሥራ ሁለት»፣ «ያዝ»። ማቀዝቀዣው ሲወጣ ጎኑ በሙሉ ቀለም ነበር። አዲሱን ገጠሙ፣ ጋዝ ሞሉ፣ ማክሰኞ ሚኒባሱ እንደ ወንዝ ዳር እየቀዘቀዘ ሄደ። ቤት ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ ግን ወር አለፈው። ቅናቱም እንዲሁ በአንድ ቀን አልለቀቀውም፤ ሰው ሲያመሰግናት አሁንም ይነሣበታል፣ እሱም ዐውቆት ያልፈዋል።

አንድ ጧት ከአንድ የቤት መኪና ኮፈን ሥር ስታንጎራጉር ሰማት። ከወር በኋላ የመጀመሪያዋ ነበር። ጠጋ ብሎ «ይሄን መሣሪያ እስቲ አሳዪኝ» አላት። ሃያ ዓመት ሙሉ ማንንም እንዲህ ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ መሣሪያውን እጁ ላይ አኖረችለት፤ አንጓውን ይዛ አቅጣጫውን አስተካከለችለት።

«ቀስ ብለህ» አለች። «ከላይ አይደለም፣ ከሥር ሂድ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ነው የሚወርደው።»

ይህን ያስተማራት እሱ ነበር፤ እጁ ጄሶ ውስጥ ሳለ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ።

«እሺ» አለና ዝቅ አደረገው።