ደጀን «ኖርማል» ያለ ዕለት

«ኖርማል» የምትባለው ቃል አዋሽ የገባችው እኔ ጎሚስታ ከሆንኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሰመራ የሚማሩ ልጆች ይዘዋት መጡ። ከነሱ ባጃጅ ነጂዎቹ ወሰዷት፤ ከባጃጅ ወደ ከባድ መኪና ወጣች። ትርጉሟን ብጠይቅ አንዱ ተማሪ «ብዙ ሰው የሚያደርገው፣ የተለመደው ማለት ነው» አለኝ። በኋላ ግን የጂቡቲ ሙቀት እንዴት ነው ሲባል ኖርማል፣ ሚስትህ ወለደች ወይ ሲባልም ኖርማል ሆነ። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? እኔ ቃሏን ስሰማ ያናድደኛል።

አባባ አህመዲንም አይወዷትም ነበር። አፋር ናቸው። እኔ ጎማ በምጠግንበት ዳስ ሥር ተቀምጠው ከሰመራ በኩል የመጣውን ሾፌር ሁሉ ዳጉ ይጠይቁታል። ዳጉ በአፋር ዘንድ ሕግ ነው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ አንዱ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ይሰማል፣ ከዚያ ተራው የሱ ነው። መደበቅ ነውር ነው። አንድ ልጃቸው ኸሊዳ እዚሁ ዳስ ሥር ዳጉ እየሰማች ያደገች ናት፤ ሾፌሮቹን ከነመኪናቸው ትለያቸዋለች።

ያን ዕለት ኸሊዳ ከትምህርቷ፣ ከሰመራ፣ በሚኒባስ ትመጣለች ተብሎ ይጠበቃል። ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ቀትር ላይ፣ በዙሁር ሶላት ግድም፣ ደንበኛዬ ደጀን ከጂቡቲ ጭኖ መጣና ጎማ ሊያስቀይር ቆመ። ሽማግሌው ተነሥተው ወደሱ ሄዱ።

«ልጄ፣ መንገዱ እንዴት ነው? ምን አየህ?»

ደጀን ከስልኩ ቀና ሳይል «ኖርማል ነው አባባ» አላቸው።

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ማታ ኔትወርክ ሲመለስ መርዶው መጣ። ሚኒባሱ ረፋድ ላይ ገዋኔ አጠገብ ተገልብጦ ኖሯል። ኸሊዳ ጤና ጣቢያ ተወስዳ ፀሐይ ጠልቃ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሞተች። ደጀን በዚያ ሲያልፍ አይቷል። ክፉ ሰው አይደለም፤ በዚህ መንገድ የተገለበጠ መኪና ሳያይ የሚገባ ሾፌር የለምና ዓይኑ ለምዶታል። ግን እዚያች ዳስ ሥር አንድ ነገር ቢተነፍስ ኖሮ አባቷ በሕይወት ሳለች ይደርሱባት ነበር። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ከቀብር በኋላ ደጀን ለቅሶ መጣ። ሊያጽናና አፉን ሲከፍት አባባ እጃቸውን አነሡ። መጀመሪያ ዳጉ፣ አሉት።

ደጀን መሬት መሬት እያየ ተናገረ። ሚኒባሱ በጎኑ ወድቆ ነበር። ሰው ተሰብስቧል። አንዲት ልጅ አስፋልቱ ዳር ተቀምጣለች፤ ፊቷን ደም ስለሸፈነው ማን እንደሆነች አልለየም።

«እጇን አነሣችልኝ» አለ። «ሌላው ይቆምላታል ብዬ አለፍኩ።»

ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙት። ከዚያ ተራው የሳቸው ሆነ።

«እኔ ደግሞ ከጤና ጣቢያው ነርስ የሰማሁት ይህ ነው» አሉ። «ልጄ እስክትሞት ድረስ ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም። ‹የደጀን መኪና ሲያልፍ እጄን አንሥቼለታለሁ፤ አይቶኛል። ለአባቴ ይነግረዋል፤ አሁን ይመጣል› ትል ነበር።»