ሰባት መስመር

«ለጀማሪዎች ይበቃል። እነሱ ምን ያውቃሉ ብለህ ነው?» ያለው አንደኛው መምህር ነው። ሌላው የመለሰለትን ዛሬ በትክክል አላስታውሰውም፤ «ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው…» ምናምን ብሎ የሳቀ ይመስለኛል። የሚያወሩት እኔ እንዳስተምር ስለ መታሰቡ ነበር። ያን ጊዜ የኮምፒውተር ክፍሉ ቴክኒሻን ነበርኩና እዚያው ጠረጴዛቸው ሥር ተንበርክኬ ገመድ እቀጥላለሁ። በዚያው ዓመት መምህር ሆንኩ። ያልገባኝ ነገር ፊቴ ላይ እንዳይነበብብኝ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ስጠነቀቅ ኖርኩ።

አሥራ አራት ዓመት ፕሮግራሚንግ ሳስተምር አንድ ምዕራፍ ሁልጊዜ እዘል ነበር፤ ሥራውን ለመጨረስ ራሱን በራሱ መልሶ ስለሚጠራ ፕሮግራም የሚያወራውን። «ጊዜ አጠረን» እላለሁ። ተማሪ እንደሆነ ምዕራፍ ቀረ ሲባል ደስታውን አይችለውም።

ዘንድሮ ፎልደር በፎልደር ውስጥ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ፎልደር ሲኖር ፋይሎቹን ሁሉ የሚቆጥር ፕሮግራም ጻፉ አልኳቸው። ሁሉም ሁለት ገጽ ሙሉ ሲጽፍ፣ ከኋላ የምትቀመጠው ዝምተኛ ልጅ ሰባት መስመር አመጣች። አነበብኩት፤ አልገባኝም። ዜሮ ሰጠኋት። እሱ አልበቃኝ ብሎ ስድሳ ተማሪ ፊት «ይሄ ያንቺ ሥራ አይደለም፤ ከማን ኮረጅሽ?» አልኳት። ክሱ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ሄደ፤ ከተፈረደባት ለአንድ ዓመት ትባረራለች።

ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሁለት ቀን ሲቀረው ለማስረጃ ላያይዘው ሥራዋን አወጣሁት። ከኋላው በስቴፕለር የተያያዙ አራት ወረቀቶች ነበሩ፤ አላገላበጥኳቸውም ነበር። ሣጥን በሣጥን ውስጥ ሥላለች፤ ሰርዛለች፤ እንደገና ሥላለች። ጥግ ላይ «ውስጡ ያለውም ያው ጥያቄ ነው» ብላ ጽፋለች። በእርሳስ እየተከተልኳት ሄድኩ። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ገባኝ። ፕሮግራሟ ራሱን በራሱ ይጠራል፤ ሁልጊዜ የምዘለው ምዕራፍ ነው። ጠዋት «እንደ ኮራጆቹ ስላላደረግኸኝ ተመስገን» ብዬ ያደረስኩት ጸሎት ትዝ ሲለኝ ብቻዬን በተቀመጥኩበት አንገቴን ደፋሁ።

ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መሳሳቴን ነገርኳት፤ በዕድሜ ታናሼ ናት። «ጋሼ፣ ክሱን ዛሬውኑ አነሳዋለሁ፤ እርስዎም ማርኳን ያስተካክሉ። ምክንያቱን ማን ይጠይቃል?» አለችኝ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ ደግሞ ከሁሉ የባሰ አሳፈረኝ።

ልጅቷን ኮሪደር ላይ አገኘኋት።

«ልጄ፣ ተሳስቼ ነው። ሙሉ ማርክሽን ሰጥቼሻለሁ።»

«ምኑ ላይ ነው የተሳሳቱት?»

«እ… እርማቱ ላይ።»

«መምህር፣ ልጆቹ ‹ኮራጇ› ነው የሚሉኝ። ማርኬን እነሱ አያዩትም።»

እሷ ደብተሯን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ጠበቀችኝ።

«አልገባኝም ነበር» አልኳት በመጨረሻ። «ያን ምዕራፍ አላውቀውም።»

«እሱን ክፍል ውስጥ ይበሉልኝ።»

«ስድሳ ሰው ፊት?»

«እኔንም ስድሳ ሰው ፊት ነው ያሉኝ።»

ሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፣ ትምህርት ከመጀመሬ በፊት ሰሌዳው ፊት ቆሜ እንደምናገር ቃል ገባሁላት።