መርሳ ላይ ያልቆመው መኪና

በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያ ደጃፍ ሲደርስ፣ ሾፌሩ ኤፍሬም ያገኘውን ሰው ሁሉ አይሱዙው ላይ ጭኖ ወደ ደሴ ወጣ። መርሳ መውጫ ላይ አንዲት ሴት፣ ሽማግሌ አባቷን በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው መኪና ታስቆማለች። ትርንጎ ናት፤ ሚስቱ። ከተለያዩ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል።

እሷም ሾፌሩን ለየችው። የዘረጋችውን እጅ ቀስ ብላ ወደ ነጠላዋ ሰበሰበች። ኤፍሬም ነዳጅ መስጫውን ረግጦ አለፈ። ፊቷን ማየት አቅቶት ነው።

ብሌን የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። እሱ ሚሌ መንገድ ላይ ሳለ በትኩሳት ሞተች። ሲመለስ ለቀስተኛ የሞላበት ድንኳን ገብቶ፣ «ልጄን የገደልሽው አንቺ ነሽ!» ብሎ ጮኸባት። ከሰልስቱ በኋላ ልብሱን ይዞ ከመርሳ ወልድያ ገባና እዚያው ቤት ተከራይቶ ቀረ። ይቅር በይኝ ማለት አቃተው፤ በቆየ ቁጥር ደግሞ ባሰ። ጭነት ይዞ በመርሳ ሲያልፍ እንኳ መስኮቱን ይዘጋ ነበር።

ውርጌሳ ላይ ሰው ውሃ ሊጠጣ ወረደ። ልጅ ያዘለች ተሳፋሪ፣ «ወንድሜ፣ እኚያን ሽማግሌ ምነው ጥለሃቸው አለፍክ? ተጠጋግተን እንይዛቸው ነበር እኮ» አለችው።

ኤፍሬም በእፍረት እስከ ጆሮው ጋለ። የራሱ መኪና ተበላሽቶበት አብሮት ለተሳፈረው ለሾፌር ደምሴ ቁልፉን ሰጠና፣ «ሰዎቹን ደሴ አድርስልኝ» ብሎ በእግሩ ወደ መርሳ ተመለሰ። ሰዉ ሁሉ ወደ ታች ሲሸሽ እሱ ብቻ ወደ ላይ ይሄዳል።

ከመርሳ ብዙም ሳይርቁ አገኛቸው። አባቷ አቶ ሞላ እግራቸው አልሄድ ብሎ መንገድ ዳር ተቀምጠዋል።

«ማነው?» አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል።

«ኤፍሬም ነኝ አባባ። ላዝልዎት።»

«መኪናህስ?»

ትርንጎ ቀደመችና፣ «መኪና አልያዘም አባባ» አለች። ሸፈነችለት። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

የተኩሱ ድምፅ ሲቀርብ አስፋልቱን ትተው ግራና ከምትባለው መንደር አጠገብ ወዳለ ዘመድ ቤት ገቡ፤ እዚያው ከረሙ። ኤፍሬም ውሃ ይቀዳል፣ ማሽላ ይጠብቃል፣ የሽማግሌውን እግር ያጥባል። ትርንጎ «ብላ»፣ «ጠጣ» ከማለት አልፋ አታናግረውም።

ማሽላ ሲያጭዱ አንድ ቀን ደፈረ። «ትርንጎ፣ ያን ቀን መንገድ ላይ...»

«ተወው። አልፈረድኩብህም። ልጇን የገደለችን ሴት ማን መኪናው ላይ ያሳፍራል?»

«እንደሱ አትበይ!»

«አንተ አይደለህ ያልከው? እኔም አመንኩህ። ቀደም ብዬ ሐኪም ቤት ብወስዳት ኖሮ እያልኩ...»

«ትኩሳቱ እንደጀመራት ይዘሻት ሮጠሻል። ያኔም አውቅ ነበር።»

ትርንጎ ማጨዷን አቁማ ቀና አለች። «ታውቅ ነበር? ታዲያ እስከ ዛሬ አፍህን ምን ዘጋው?»

«አፍሬ።»

«አንተ ስታፍር እኔ ስቃጠል ኖርኩ!» ማጭዱን ጥላ ሄደች።

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ኤፍሬም ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆመ። ከመርሳ የተፈናቀለው ሁሉ እዚያ ነበር፤ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጩኸቱን የሰሙትም ጭምር።

«ልጃችን ስትሞት ሚስቴን በፊታችሁ ገዳይ ብያታለሁ» አለ። «ውሸቴን ነው። ልጄን ታቅፋ የሮጠችው እሷ ናት። እኔ አልነበርኩም።»

ሰዉ አቀረቀረ። ትርንጎ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና እያለቀሰች ቀድማ ወጣች። ቁልቁለቱ ጋ ስትደርስ ግን ኤፍሬም እስኪደርስባት እርምጃዋን ቀነሰች። ጎን ለጎን ሄዱ።

ታኅሣሥ ላይ ጦርነቱ ርቆ መርሳ ሲመለሱ ቤቱ ተዘርፏል። ኤፍሬም ስብርባሪውን ጠርጎ፣ አቶ ሞላን በቀረችው አልጋ አሳረፈና ጎረቤት ሊያድር ወደ ደጅ ወጣ።

«ወዴት ነው?» አለች ትርንጎ።

«አልጋ የለም ብዬ...»

«ሰሌን አለ።»

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ትርንጎ፣ አሁንም አንቺን ለማየት አፍራለሁ።»

«እፈር። እኔም ገና ተናድጄ አልጨረስኩም። ግን እዚሁ ሆነህ እፈር» አለችና ሰሌኑን አራግፋ አነጠፈችው።

ኤፍሬም ጫማውን አውልቆ ገባ።