ከትከሻ በታች የቀረ እጅ

አገሩን የሚመራው ሰውየው ለሁለተኛ ጊዜ ቃለ መሐላ የሚፈጽምበት ቀን ሥራ ዝግ ነበር። እኛ ግን ሱቁን ከፈትን። እኔ ልብስ እተኩሳለሁ፣ የእህቴ ባል ይሰፋል። አንዲቷን ክፍል ለሁለት ተከራይተን አብረን አርጅተንባታል። ቴሌቪዥኗ የእሱ ናት፤ ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች።

ጎረቤቶች የመጡት ለቴሌቪዥኗ ነው። ፀጉር አስተካካዩ የገዛ ወንበሩን ተሸክሞ ገባ። ጡረታ የወጣው መምህር ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ዳቦ ሻጯ አንድ ዓይኗን ሱቋ ላይ ጥላ በሩ ላይ ቆመች።

"ዛሬ የናንተ ልጅ ትዘፍናለች አሉ" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"ትዘፍናለች" አለ ልብስ ሰፊው።

"ለነሱማ አልዘፍንም ብላ ከሙዚቃ ቡድኑ ወጥታ አልነበር እንዴ? ወንድሟን አስረው?"

ልብስ ሰፊው ከንፈሩ ላይ ስፒል ይዞ ነበር።

"ምን ብለዋት ይሆን?"

"ዝም በል እንጂ" አለች ዳቦ ሻጯ። "አባቷ ፊት?"

"ፊቱ ይሻላል። ከኋላው ብናገረው ሐሜት ይሆናል።"

ምን እንዳሏት እኔ አውቃለሁ። የሙዚቃ ቡድኑ ኃላፊ እቤት ድረስ መጥቶ ሲናገር እዚያው ነበርኩ። የእህቴ ልጅ፣ ትልቁ፣ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሠራተኞቹን ይዞ ለሰልፍ ወጣ ብለው ከወሰዱት ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጥቶ ነበር። ኃላፊው የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ እንዲህ አለ፦ "እሷ ትዝፈን። ለበዓሉ ምሕረት ከሚደረግላቸው ጋር እሱ ይወጣል። ይህን ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉ።" ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች፣ እህቴ እሷን ታያለች። ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። እሷም ቆይታ "እሺ" አለች።

ልብሷን የሰፋላት አባቷ ነው። ጨርቁን ቡድኑ ሰጣት፤ ሰማያዊ፣ ደረቅ፣ እንደ መጋረጃ የሚከብድ። ሲለካት "እንዴት ሆነሽ ነው የምትቆሚው?" አላት። "እንደ ድሮዬ፣ እጄን ወደታች አድርጌ" አለችው። እሱም ለዚያ አቋቋም ቆረጠው። እጅጌው ከብብት ዝቅ ብሎ ሲቆረጥ፣ እጅ ወደታች እስካለ ድረስ ጨርቁ አንዳች ሳይጨማደድ ጎን ላይ ይተኛል። ስትለብሰው ዞር ዞር አድርጌ አየሁት። በዕድሜው እንደዚያ አድርጎ የሰፋ አይመስለኝም። እኔም ተኩሼ ስጨርስ እጄን ከጨርቁ ላይ ማንሣት ጠላሁ።

በቴሌቪዥኗ መጀመሪያ ሕፃናት ትርኢት አሳዩ። አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ወጥተው ግንብ ሠሩ።

"ጎበዞች" አለ መምህሩ።

"ፀሐይ ላይ ስንት ሰዓት አቁመዋቸው ይሆን" አለች ዳቦ ሻጯ። "ያቺን ትንሿን እዩዋት፣ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ነው።"

ቀጥሎ የጦር ባንድ አለፈ። ፀጉር አስተካካዩ የከበሮ መቺው ሆድ ከከበሮው ይበልጣል ብሎ ሳቀ። መምህሩ ግን ብሔራዊ መዝሙሩን ሲሰማ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

"ጋሼ፣ ጡረታ የሚጨምሩልዎ መስሎዎት ነው?"

"አንተ አይገባህም" አለ መምህሩ። "እኔ ይህን መዝሙር ለልጆች አስተምሬያለሁ። ማን እንደሚያዘምረው ጉዳዬ አይደለም።"

ከዚያ የእኛ ልጅ ወጣች። ከኋላዋ ረጅም ሰልፍ የሠሩ ዘማሪዎች አሉ፣ እሷ ፊት ለፊት ብቻዋን ናት። ዘፈነች። ድምፅዋ ያው ድምፅዋ ነው። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ አፉን ያዘ። ልብስ ሰፊው ዘፈኑን ይስማ አይስማ አላውቅም፤ ዓይኑ ትከሻዋ ላይ ነበር።

በመጨረሻው ስንኝ ላይ ከኋላዋ ያሉት ሁሉ ቀኝ እጃቸውን ወደ ሰውየው አነሡ። ቀጥ ያለ፣ ከራስ በላይ። እሷም አነሣች። እጇ ከትከሻዋ በታች ቀረ። ልብሱ ከወገቧ ጀምሮ አብሮ ተሳበ፣ አንገቷ ስር ተሰበሰበ፣ እጇ ግን ከዚያ አላለፈም። ካሜራው ፊቷ ላይ ቆየ። ሰውየውን ሲያሳዩት ፈገግ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ፈገግታውን ተወው።

ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኗ አስጠጋ።

"አያችሁ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ ቀስ ብሎ። "አላነሣችም። ፊት ለፊቱ ቆማ አላነሣችም።" ተነሥቶ ልብስ ሰፊውን ትከሻውን ያዘው። "ወንድሜ፣ የተናገርኩትን ሁሉ መልሼ ዋጥኩት። የወለድከው አንበሳ ነው።"

"ነውር ነው" አለ መምህሩ። "ካልፈለገች ትቅር። ሄዳ አደባባይ ላይ መሪን ማዋረድ ነውር ነው።"

"ደክሟት ይሆናል እኮ" አለች ዳቦ ሻጯ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እኔስ ለዚህች ልጅ ፈራሁ።"

ልብስ ሰፊው ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ አወጣ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "እጅጌው ነው" አለኝ። "ዝቅ አድርጌ ቆረጥኩት፣ እጅ አያስነሣም።"

ልጅቷ እቤት ስትገባ እህቴ ቆማ ነበር የጠበቀቻት።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"እጅ ይነሣ ያሉን ዛሬ ጠዋት ነው፣ እማዬ። ለመንገርም ጊዜ አልነበረም። ስስበው ጨርቁ ያዘኝ።"

"ቀድደሽው አታነሺም ነበር?"

ልጅቷ አባቷን አየችው። "ስፌቱ ሊለቅ ሲል ተሰማኝ። አገር ሁሉ እያየ አባቷ የሰፋላት ልብስ ተተረተረ ይበሉ? ተውኩት።"

ልብስ ሰፊው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ይተርተር ነበር" አለ። "ምን ነበረበት፣ ይተርተር ነበር።" እህቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ወጥቼ ደጅ ቆምኩ።

ምሕረት የተደረገላቸው በዚያው ሳምንት ወጡ። የእኛ ልጅ አልወጣም።

ከልብስ ሰፊው ጋር ልብሱን በፌስታል ይዘን ኃላፊው ቢሮ ሄድን። ልብስ ሰፊው ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶት፣ እጅጌው ውስጥ እጁን አስገብቶ አሳየው። እጁ እንዴት እንደሚያዝ፣ የት ላይ እንደሚያዝ። ኃላፊው አላቋረጠውም። ክፉ ሰው አልነበረም።

"አምኜዎታለሁ፣ አባቴ" አለ። "እኔ ባምን ግን ምን ይጠቅማል? ሰፈር ውስጥ ልጆች እጃቸውን እስከ ትከሻ እያነሡ እየተጫወቱ ነው፤ አላዩም? እኔንም ጠርተው ጠይቀውኛል።" ልብሱን አጥፎ መለሰለት። "አንድ መንገድ አለ። ራሷ ቴሌቪዥን ላይ ወጥታ ትናገር። እጅጌው ነው፣ እኔ ማንሣት ፈልጌ ነበር፣ አዝናለሁ ትበል። ያኔ ልጁን አስወጣለሁ። ካልሆነ እሱም እዚያው ነው፣ እሷም ከእንግዲህ አትዘፍንም።"

ልጅቷ ስትሰማ "እላለሁ" አለች። "እውነቱ አይደል እንዴ? ምን አለው?"

አባቷ ግን "ልጄ ከቴሌቪዥን ከሚሰማው አስቀድሜ እኔ ልንገረው" ብሎ በጉብኝቱ ቀን ወደ እስር ቤቱ ሄደ። አብሬው ሄድኩ። በሽቦው ማዶ ልጁ ሲመጣ መጀመሪያ አላወቅሁትም። አልወፈረም፤ እንዲያውም አንገቱ ቀጥኗል። ግን ይስቃል። ከታሰረ ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

"አባዬ፣ አጎቴ፣ አያችኋት?" አለ ገና ሳንጠይቀው። "ትዘፍናለች ሲሉኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። እዚህ ያሉት ሲሰድቧት እየሰማሁ። በኋላ አንዱ ጎተተኝ። ተነሥ፣ በቴሌቪዥኑ እህትህን እይ አለኝ። ሁሉም ተነሥተው ቆመው ነበር። አርጅቶ የማይነሣ ሰው አለ፣ እሱ ሳይቀር።" እጁን ሽቦው ላይ አደረገ። "እኔ እንቅልፍ የለኝም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እተኛለሁ። ንገሯት። የቀረውን ብቆይም ግድ የለኝም በሏት።"

ልብስ ሰፊው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ዘቡ ሰዓት አለቀ አለ።

"ምን ልትለኝ ነበር አባዬ?"

"ምንም" አለ። "ደህና ናት። እናትህም ሰላም ብላሃለች።"

እቤት ስንመለስ ልብስ ሰፊው ልጁ ያለውን አንድ ሳያስቀር ነገራቸው። ልጅቷ እየሰማች አለቀሰች፤ ድምፅ የሌለው ልቅሶ።

"ታዲያ ልተወው?" አለች ሲጨርስ። "እንዲህ ካለ ልተወው አባዬ?"

"እኔ እንጃ" አለ እሱ።

የተነሣችው እህቴ ናት። "አንተ አንገቱን አይተሃል?" አለችው። "እኔ ቀደም ስጠይቀው አይቻለሁ። ከዚህ በኋላ ሌላ ክረምት የሚችል አንገት አይደለም። እናንተ ኩሩበት። እኔ የሚኮራ ልጅ አልፈልግም፣ የሚተነፍስ ልጅ ነው የምፈልገው። ይጥላኝ። ሁላችንንም ይጥላ። ደጅ ወጥቶ ይጥላን።" ከዚያ ልጅቷ ፊት ተንበረከከች። እናት ለልጇ ስትንበረከክ ማየት ከባድ ነው። ልጅቷ አነሣቻት። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ቴሌቪዥን ላይ ስትቀርብ ያው ሰማያዊ ልብስ ነበር ያለበሷት። እጇን አንሥታ አሳየች፤ እስከ ትከሻዋ። "አባቴ ልብስ ሰፊ ነው" አለች። "በስሕተት ዝቅ አድርጎ ቆርጦት ነው። እኔ ማንሣት ፈልጌ ነበር፣ አዝናለሁ።" ቃል በቃል እውነት ነበር። የተናገረችው ግን እንደ ሐሰተኛ ምስክር ዓይኗን ሰብራ ነው።

ሱቁ ውስጥ ያው ሰዎች ነበሩ።

"አስገድደዋት ነው" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ምን ዓይነት ሰው ነው በእጅጌ የሚያምነው? አባቷን እንኳ አሰደቧት። አንተ በዚህ ዕድሜህ እጅጌ ትስታለህ?"

"ይቅርታ መጠየቋ ጥሩ ነው" አለ መምህሩ፣ ግን እንደ ድሮው አልጠነከረም።

ዳቦ ሻጯ ወደ ሱቋ ተመለሰች።

"ስቼ ነው" አለ ልብስ ሰፊው።

"እሺ፣ እንዲያ በል፣ ይገባኛል" አለው ፀጉር አስተካካዩ፣ በርኅራኄ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ልጅቷን ሲያያት መንገድ ይለቅላታል፣ ግን ሰላም የሚላት ጥቂት ነው። ግማሹ ጀግና ናት ሰበሯት ይላል፣ ግማሹ ፈሪ ናት ተሰበረች ይላል። የሆነውን የሚያምን አላገኘሁም።

ኃላፊው ቃሉን ጠበቀ። ልጁ በሚወጣበት ጠዋት አራታችንም እስር ቤቱ በር ላይ ነበርን። ልጅቷ ከእኔ ጀርባ ቆመች። ሲወጣ እናቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ አቀፋት፣ ግንባሯን ሳመ። አባቱን ሳመ። እኔን ሳመኝ። ከዚያ በእኔ ትከሻ በኩል እህቱን አያት።

"ወንድምዬ" አለች።

"እጅጌው ነው?" አላት።

እህቴ ለልጇ ስትል ልትመልስ ነበር መሰለኝ፣ ልብስ ሰፊው ቀደማት። "እጅጌው ነው" አለ። "የኔ ጥፋት ነው። እሷ የምታውቀው ነገር የለም።"

ልጁ አባቱን ሲያየው ቆየ። ያመነ መሰለኝ። ቢያምንም ባያምንም የሚለወጥ ነገር አልነበረም።

"አሁን እዚያ ውስጥ ምን እንደሚሏት ታውቃላችሁ?" አለ። "ትናንት ሲሸኙኝ አንድም ሰው አልተነሣም።" ከዚያ ለእህቱ፣ ያለ ቁጣ፣ "ምነው ብትተዉኝ ኖሮ" አላት።

እናቱ ክንዱን ይዛ ወደ መንገዱ ወሰደችው፤ ቶሎ ቶሎ እያራመደችው፣ የሚመልሱባት ይመስል። አባቱ ተከተላቸው። እኔ የልጅቷን እርምጃ ለመጠበቅ ዘገየሁ።

"ሂድ አጎቴ፣ እደርሳለሁ" አለችኝ።

"አብረን እንሂድ።"

"እቤት ሲገባ እኔን እዚያ ባያገኘኝ ይሻላል። ምግቡን ይብላ።"

እጇን ልይዝ አሰብኩ። ግን ትቻት ሄድኩ። መታጠፊያው ላይ ዞሬ ሳይ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ሌሎች ጠያቂዎች ከተሰለፉበት ጫፍ ላይ ቆማ ነበር፣ እንደነሱ ወረፋ የምትጠብቅ መስላ።